የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብር አንጥረኛን ቤተሰብ በኑዛዜና በመዝገብ መፈለግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከለንደን የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የብር ማንኪያ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲያገላብጠው ጀርባው ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ያያል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ይሄን የሠራው ማነው? ሚስት ነበረው? ልጆቹስ የት ደረሱ? እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከዚያው የሚነሱ ናቸው። አብዛኛው ምሳሌ የተወሰደው ከአንድ የለንደን ቤተሰብ ነው፤ ከቤትማኖች። መዝገባቸው ስለተረፈ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ያቆመችው ሴት ስለሆነችም ጭምር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከየት ልጀምር?

ከዕቃው። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ኑዛዜ ይሮጣል። ማንን እንደሚፈልጉ ሳያውቁ የኑዛዜ ክምር ውስጥ መግባት ግን ጊዜ መግደል ነው።

የለንደን ብር ላይ አራት ወይም አምስት ምልክት ይኖራል። የሚራመደው አንበሳ ብሩ 92.5 ከመቶ ንጹህ መሆኑን ይናገራል። የነብሩ ፊት የተፈተሸው ለንደን ውስጥ መሆኑን ያሳያል። አንዱ ፊደል የዓመቱ ነው፤ በየዓመቱ ይቀየራል። ከ1784 መጨረሻ ጀምሮ የንጉሡ ራስ ተጨምሯል፤ ቀረጥ ተከፍሏል ማለት ነው። የቀሩት ፊደሎች የሠሪው ናቸው።

«የሠሪው» ሲባል ግን ጠንቀቅ ማለት ነው። ምልክቱ የኃላፊው ነው። ብሩ ከደረጃ በታች ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። መዶሻውን የያዘው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ ተለማማጅ አለ፣ ቅጥር ሠራተኛ አለ፣ ልጅ አለ፣ አማች አለ። እናንተ የምትከተሉት የባለቤቱን ቤተሰብ ነው።

ሄስተር ቤትማን ማን ናት? ስሟ ለምን እንዲህ ይነሳል?

በ1708 ለንደን ውስጥ ተወለደች፤ የአባቷ ስም ኒድሃም ነው። በ1732 ጆን ቤትማንን አገባች። ጆን የወርቅ ሰንሰለት ሠሪ ነበር። የመደበኛ ተለማማጅነት ዘመን አልጨረሰም። ሀብታምም አልነበረም። በ1760 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ኑዛዜው ላይ የሥራ መሣሪያዎቹን የተወው ለሚስቱ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዘመኑ ብዙ አንጥረኛ ሲሞት መሣሪያው ተሸጦ ገንዘቡ ይከፋፈላል፤ ወይም ለወንድ ልጅ ይሄዳል። ጆን ግን እንደዚያ አላደረገም። ሚስቱ አብራው ስትሠራ እንደኖረች ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሚያዝያ 16 ቀን 1761 ሄስተር ጎልድስሚዝስ ሆል ወደሚባለው የለንደን ወርቅ አንጥረኞች ማኅበር አዳራሽ ሄዳ የራሷን ምልክት አስመዘገበች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። መጻፍና ማንበብ አትችልም። ምልክቷ ግን ኤችና ቢ የሚሉት ፊደሎች ናቸው፤ ያውም እንደ እጅ ጽሑፍ በተጠማዘዙ ውብ ፊደሎች። ሱቁ በንሂል ሮው የሚባል ጎዳና ላይ ነበር። እስከ 1790 መራችው፤ በ1794 ሞተች።

ዛሬ በብር ሰብሳቢዎች ዘንድ ስሟ ከሥራዋም በላይ ገኗል ብሎ የሚከራከር አለ። ትንሽ እውነት አለው። ብዙ ጊዜ ለሌላ ድርጅት በውስጥ ትሠራ ስለነበር አንዳንዱ ዕቃዋ የወጣው በሌላ ሰው ምልክት ነው። ለዘር ሐረግ ፈላጊ ግን ዝናዋ ጠቃሚ ነው፤ ሌሎች ቀድመው የቆፈሩት ብዙ ነገር አለ።

ኑዛዜው እጄ ገባ። ምኑን ላንብብ?

መጀመሪያ ሁለቱን ቀኖች ይፈልጉ። አንዱ ኑዛዜው የተጻፈበት ነው። ሌላው ፍርድ ቤት ያጸደቀበት ነው፤ ከታች ይገኛል። ሰውየው የሞተው በሁለቱ መካከል ነው። አንዳንዱ በሽታ ሲጸናበት ነው የሚናዘዘው፤ ያኔ ልዩነቱ የቀናት ይሆናል። አንዳንዱ ከሃያ ዓመት በፊት ጽፎ ያስቀምጣል፤ በመሃል የተወለደ ልጅ ስሙ የለም። ስሙ የለም ማለት ልጅ አልነበረም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ መሣሪያውን ይከታተሉ። መሣሪያው ወደ ማን ሄደ? ሙያው የሄደው ወደዚያው ነው። ከቤትማን ጋር የሚነጻጸር ጥሩ ምሳሌ ፖል ደ ላመሪ ነው። በዘመኑ በለንደን ከሱ በላይ የሚጠራ ብር አንጥረኛ አልነበረም። በ1751 ሲሞት ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ የተረፉት ሦስት ሴቶች ልጆች ናቸው። ኑዛዜው ምን አለ? በእጅ ያለው ሥራ ቶሎ ይጠናቀቅና በጨረታ ይሸጥ። የሚያጠናቅቀውም ሳሙኤል ኮሊንስ የተባለው ሠራተኛው ነው። በቃ፣ ሱቁ ከሰውየው ጋር አለቀ። የአንድ ትልቅ ቤት መዘጋት በጥቂት መስመር ተጽፎ ይነበባል። የሠራተኛው ስም መገኘቱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከጌታው ጥላ ሥር የነበረ ሰው፣ የራሱ ምልክት የሌለው፣ በስም ብቅ የሚልበት ወረቀት ብዙ ጊዜ ይኸው የጌታው ኑዛዜ ነው።

ስለ አንድ ሺሊንግ ብዙ ይጠየቃል። «ለትልቁ ልጄ አንድ ሺሊንግ» የሚል ሲያዩ ተጣልተው ነበር ብለው አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ልጁ ድርሻውን ቀድሞ ወስዷል፤ ሱቅ ተከፍቶለታል ወይም ለተለማማጅነቱ ተከፍሎለታል። ሺሊንጓ የምትጻፈው «ተረስቼ ነው» ብሎ እንዳይከስ ነው። ጥል ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይጻፋል፤ የዚያ ዘመን ሰው ኑዛዜ ላይ አያፍርም።

የአስፈጻሚዎቹንና የምስክሮቹን ስም አይዝለሉ። አስፈጻሚ የሚሆነው የሚታመን ሰው ነው፤ የሚስት ወንድም፣ አማች፣ የአንድ ሙያ ጓደኛ። ከኔ ልምድ የሚስት አባት ቤት የሚገኘው ከጥምቀት መዝገብ ይልቅ ከአስፈጻሚዎች ስም ነው።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምር። የለንደን ከተማ ነጻ የሙያ አባል የነበረ ሰው፣ ማለትም በከተማው ሙያውን የመሥራት መብት ያለው፣ እስከ 1725 ድረስ ተንቀሳቃሽ ንብረቱን እንደ ልቡ መናዘዝ አይችልም ነበር። ሲሶው የሚስት፣ ሲሶው የልጆች ነበር። እንደ ፈለገ የሚያደርገው የቀረውን ሲሶ ነው። ስለዚህ ከ1725 በፊት በተጻፈ ኑዛዜ ሚስት ጥቂት ነገር ብቻ ተጠቅሶላት ቢያዩ አይዘኑላት። የሷ ድርሻ በልማድ የተጠበቀ ስለሆነ መጻፍ አላስፈለገም።

ኑዛዜዎቹ የሚቀመጡት የት ነው?

እስከ ጥር 1858 ድረስ በእንግሊዝ ኑዛዜ የሚያጸድቁት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። ትልቁ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ነው። ንብረቱ ከአንድ በላይ ሀገረ ስብከት ውስጥ ያለ ሰው ወደዚያ ይሄዳል፤ ደህና ኑሮ ያለውም ለክብር ሲል ይሄዳል። የዚህ ፍርድ ቤት መዝገብ ያለው በደቡብ ምዕራብ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። በስም እየፈለጉ በኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል።

ትንሽ ሱቅ የነበረው ሰው ግን እዚያ ላይገኝ ይችላል። ለሱ የለንደን ጳጳስ ፍርድ ቤቶችንና የሊቀ ዲያቆኑን ፍርድ ቤት መፈተሽ ነው። የነዚህ መዝገብ በአብዛኛው ክላርከንዌል ባለው የለንደን ቤተ መዛግብት ይገኛል። ኪው አጥቼዋለሁ ብሎ ተስፋ መቁረጥ የጀማሪ ጥፋት ነው።

ከኪው የሚያወርዱት ጸሐፊ ወደ ትልቅ መዝገብ የገለበጠው ቅጂ መሆኑን አይርሱ። ከታች ያለው ፊርማ የጸሐፊው እጅ ነው። የሰውየውን ትክክለኛ ፊርማ፣ ወይም መጻፍ የማይችል ከሆነ ያሰፈረውን የመስቀል ምልክት ለማየት ዋናውን ወረቀት ማስቀረብ ያስፈልጋል። እሱ በሌላ ክፍል ነው የተቀመጠው።

ኑዛዜ ሳይተው ቢሞትስ?

ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ንብረቱን የሚያስተዳድር ሰው ይሾማል፤ ብዙ ጊዜ ሚስት፣ ካልሆነች ትልቁ ልጅ፣ ያም ከሌለ ዋናው አበዳሪ። መዝገቡ አጭር ነው። አበዳሪ ሲሾም ካዩ ሱቁ በዕዳ ውስጥ እንደነበረ ይረዱ።

ዕድል ከቀናዎት የንብረት ቆጠራ ዝርዝር ይገኛል። ለኔ ከኑዛዜ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ሰዎች የሟቹ ቤት ገብተው ክፍል በክፍል ቆጥረው ይጽፋሉ፤ አልጋ፣ ድስት፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ያልተጠናቀቀ ዕቃ። ቦስተን ውስጥ በ1722 የሞተው ብር አንጥረኛ የጆን ኮኒ ዝርዝር ላይ ከዕቃዎቹ ጋር የአንድ ልጅ ጊዜ ተቆጥሯል። «የፖል ሪቯር ጊዜ፣ በውሉ መሠረት ሦስት ዓመት ተኩል ያህል» ይልና 30 ፓውንድ ተገምቶለታል። ልጁ ከፈረንሳይ የመጣ ስደተኛ ነው። የቀረውን የተለማማጅነት ጊዜውን ገዝቶ ሲወጣ ከግምቱ 10 ፓውንድ በላይ እንደተከፈለም ሒሳቡ ላይ ሰፍሯል። ያ ልጅ በኋላ የአሜሪካው አብዮተኛና ብር አንጥረኛ የፖል ሪቪር አባት ሆነ። የሰው ጊዜ ከድስትና ከመዶሻ እኩል ዋጋ ተቆርጦለት ሲያዩት ተለማማጅነት ምን እንደነበረ ያለ ማብራሪያ ይገባል።

የተለማማጅነት መዝገብ ምን ይነግረኛል?

የአባትን ስም፣ የአባትን ሥራና የመጣበትን ቦታ። ለዘር ሐረግ ከዚህ የሚሻል መዝገብ ጥቂት ነው። ልጅ በ14 ዓመቱ አካባቢ ይገባል፤ ቢያንስ ሰባት ዓመት ይቆያል። ውሉ በጎልድስሚዝስ ሆል መጽሐፍ ይጻፋል።

ሁለተኛ ምንጭ ደግሞ አለ፤ የግብር መዝገብ። ከ1710 ጀምሮ ጌታው ልጁን ለመቀበል በተከፈለው ገንዘብ ላይ ግብር ይከፍል ነበር። እስከ 50 ፓውንድ ድረስ ለእያንዳንዱ ፓውንድ 6 ፔንስ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ሺሊንግ። ይህ መዝገብ እስከ 1811 ይዘልቃል። ከ1752 ገደማ በኋላ ግን የወላጅ ስም መጻፉ ከናካቴው የቀረ ያህል ነው። አባት የገዛ ልጁን ያለ ክፍያ ሲያስተምር ደግሞ ግብር ስለማይኖር ስሙ አይገባም። ሦስት ትውልድ በሙያው የቆየ ቤተሰብ እዚህ መዝገብ ላይ የሌለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ብር አንጥረኛ የወርቅ አንጥረኞች ማኅበር አባል አልነበረም። በለንደን ልማድ የአንዱ ማኅበር አባል የሌላውን ሙያ መሥራት ይችላል። ስለዚህ ስሙ ጎልድስሚዝስ ሆል የተለማማጆች መጽሐፍ ላይ ከሌለ የከተማውን የነጻ አባልነት ወረቀቶች ይፈትሹ። ከ1681 ጀምሮ ያሉት ክላርከንዌል ናቸው።

በ1760ዎቹ የሠራ ሰው ነው፤ ምልክቱን ግን መዝገብ ላይ አጣሁት። ለምን?

መጽሐፉ ራሱ ስለጠፋ ይሆናል። ጎልድስሚዝስ ሆል ትልልቅ ዕቃ ሠሪዎችንና ትንንሽ ዕቃ ሠሪዎችን በተለያየ መጽሐፍ ይመዘግብ ነበር። የትልልቆቹ ከ1758 እስከ 1773 ያለው ጠፍቷል። የትንንሾቹም ከ1758 በፊት ያለው አንዱ ጥራዝ የለም። የሄስተር ምዝገባ የተረፈው የትንንሽ ዕቃ ሠሪዎች መጽሐፍ ላይ ስለገባች ነው። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው በ1773 ለፓርላማ ኮሚቴ የቀረበው የአንጥረኞች ስም ዝርዝር ነው፤ ስምና አድራሻ ይሰጣል።

አንድ ሰው በ1712 ነው በ1713 የተመዘገበው? ሁለት ዓመት ተጽፎ አየሁ።

ሁለቱም ልክ ነው። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ነበር። ፖል ደ ላመሪ ምልክቱን ያስመዘገበው በየካቲት ነው። ለዚያ ዘመን ጸሐፊ ገና 1712 ነው፤ በዛሬ ቆጠራ ግን 1713። በመስከረም 1752 ደግሞ 11 ቀን ተዘለለ፤ ከ2 ቀጥሎ 14 ሆነ።

የኛ አንባቢ በዚህ ብዙ አይደናገርም፤ ዕድሜ ልኩን በሁለት ካላንደር ሲኖር ነው የቆየው። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። ልጁ በጥር ተወልዶ ወላጆቹ «በዚያው ዓመት» በሰኔ ተጋብተው ካዩ፣ ቅሌት አገኘሁ ከማለትዎ በፊት ሰኔው ከጥሩ ቀድሞ መሆኑን ያረጋግጡ።

ስሞቹ አይገጥሙም። ምን ላድርግ?

በድምፅ ያንብቡ። ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው። ሪቯርም በኋላ ሪቪር ሆኗል። ከ1685 በኋላ ከፈረንሳይ ተሰደው ለንደን የገቡት ፕሮቴስታንት አንጥረኞች ላይ ይሄ በጣም ይበዛል። ለነሱ የፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያኖችን መዝገብና የመኖሪያ መብት የተሰጣቸውን ስደተኞች ዝርዝር መጨመር ነው።

ምልክት ላይ ጄ የሚባለው ፊደል አይ ሆኖ ይቀረጻል። የጆናታን ቤትማን ምልክት አይና ቢ የሆነው ለዚህ ነው። የዝምድና ስምም ልቅ ነው፤ አማች የተባለው የእንጀራ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ሲሞት ደግሞ ስሙ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ስለዚህ ጥምቀቱን ሲያገኙ የቀብር መዝገቡንም ይዩ፤ ያለበለዚያ በሦስት ወሩ የሞተ ልጅ ሱቅ ከፍቶ ሚስት ሲያገባ ያገኙታል።

ሴቶቹ ለምን ይጠፋሉ?

ሕጉ ነው የሚያጠፋቸው። ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም ነበር፤ ይህ የተቀየረው በ1882 ነው። ስለዚህ የሴት ኑዛዜ ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ መበለት ወይም ያላገባች ናት።

መበለቶቹን ከተከተሉ ግን ቤተሰቡ ይገለጣል። በቤትማኖች ቤት የሆነውን በምልክቶቹ ቀን ብቻ ማንበብ ይቻላል። ሄስተር በ1790 ስትተው፣ በታኅሣሥ ልጆቿ ፒተርና ጆናታን በጋራ አስመዘገቡ። በሚያዝያ 1791 ጆናታን ሞተ። በግንቦት መጀመሪያ አዲስ ምልክት ተመዘገበ፤ ፒተርና አን። አን የጆናታን መበለት ናት፤ ለፒተር ዋርሳው ማለት ነው። ለቅሶው ሳያበቃ ሱቁ ሥራ ላይ ነው። በ1800 የአን ልጅ ዊልያም ተጨመረ። በ1805 አን ወጣች፤ ፒተርና ዊልያም ቀሩ። በ1815 ዊልያም ብቻውን ሆነ። ሁለት መበለቶች፣ አማትና ምራት፣ ሱቁን ከባል ወደ ልጅ አሻገሩት። የፒተርና የጆናታን የጋራ ምልክት ያለበት ዕቃ ጥቂት ነው፤ የቆየው ከአምስት ወር ያነሰ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

የጋብቻና የቀብር መዝገብ ላይ ልብ የምለው ነገር አለ?

አጥቢያው። ስለ በንሂል ሮው ከሆነ የሚፈልጉት፣ የቅዱስ ሉቃስ አጥቢያ የተቋቋመው በ1733 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ክሪፕልጌት ባለው በቅዱስ ጊልስ መዝገብ ይፈልጉ። ከ1754 በፊት ደግሞ ብዙ ለንደናዊ ፍሊት እስር ቤት አካባቢ በርካሽ ይጋባ ነበር፤ እነዚያ ደብተሮች ኪው ናቸው፤ ቀናቸውን ግን አጥብቀው አይመኑ። ከ1754 ወዲህ ጋብቻ በታተመ ቅጽ ይመዘገባል፤ ሙሽሮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበሩ ሰዎች ብዙዎቹ የተቀበሩት በንሂል ፊልድስ ነው፤ መዝገቡም ኪው ነው።

ለንደን ሳልሄድ ምን ያህል እደርሳለሁ?

ሩቅ። የካንተርበሪ ኑዛዜዎች፣ የተለማማጅ ግብሩ፣ ብዙ የአጥቢያ መዝገብ በኢንተርኔት አሉ። ከ1674 እስከ 1913 ያለው የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የክስ ሒደትም በነጻ በስም ይፈለጋል። ብር አንጥረኞች እዚያ ሞልተዋል፤ ማንኪያ ተሰርቆባቸው ሊመሰክሩ ስለሚቀርቡ። ሱቁ የት እንደነበረ፣ ማን ባንኮኒ ላይ እንደቆመ፣ ሚስትየዋ ሌባውን እንዴት እንደያዘችው የሚነገረው በራሳቸው አንደበት ነው። የእሳት ኢንሹራንስ መዝገቦች ደግሞ የቤቱንና የዕቃውን ግምት ይሰጣሉ።

ለንደን የምትኖሩ ግን ሁለቱንም ቤተ መዛግብት በባቡር ትደርሱባቸዋላችሁ። የአንባቢ ካርድ ይወጣል፤ መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። እስክሪብቶ አያስገቡም፤ እርሳስ ያዙ። ዋናውን የኑዛዜ ወረቀት የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ እዘዙ።